ጣቢያ በር ላይ ያቀመሱኝ ሩዝ

«ቅመሺው!» አለኝ በር ላይ የቆመው ፖሊስ... ረቡዕ ረፋዱ ላይ ነው።

ሳህን ይዣለሁ። ውስጡ ያለው የጎረቤቴ የመይሙና ሩዝ ነው፤ በሥጋ የተሠራ። እኔ ደግሞ የገናን ጾም ይዣለሁ። ጾም ባይሆንም የሙስሊም ሥጋ በአፌ ዞሮ አያውቅም።

የመይሙና ልጅ ነጃት እጄ ላይ ያደገች ናት። ትንሽ ሳለች አንድ ቀን ሳህኔን ባዶውን ብትመልስልኝ «የጎረቤት ዕቃ እንዲህ አይመለስም» ብዬ ከበር መለስኳት። እያለቀሰች ሄዳ ኦቾሎኒ አድርጋበት መጣች። ከዚያ ወዲህ አጥፍታ አታውቅም።

አሁን የሕግ ባለሙያ ናት። ከጭሮ እስከ መቻራ በየጣቢያው እየዞረች «ይህ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ? ተመትቷል ወይ? ቤተሰቡ የት እንዳለ ያውቃል ወይ?» እያለች ትጠይቃለች። ሰኞ ዕለት ከመናኸሪያ እሷኑ መኪና ውስጥ አስገብተው ወሰዷት... ያዩ ሰዎች መኪናው ወደዚህ ጣቢያ ሲታጠፍ አይተናል አሉ። እናቷ ማክሰኞ መጥታ ብትጠይቅ «እንዲህ የምትባል ሰው የለችም» ተባለች። ቤቷ ስትደርስ ደም ግፊቷ ተነሥቶ ወደቀች።

ሰብአዊ መብት ወደሚከታተለው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ «እማማ፣ ገብተን የማየት ሥልጣን አለን። ግን የት እንዳለች እርግጡን ካላወቅን 'እኛ ጋ የለችም' ብለው ይመልሱናል። እስከዚያ ሌላ ቦታ ቢወስዷትስ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ወላሂ መቆም አቃተኝ» አለች መይሙና። «ምግብ የያዘ ሰው አይባረርም። አንቺ ሂጂልኝ።» ሩዙን ክዳን ባለው በራሴ ሳህን አድርጌ ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዬ እስረኛ ጠይቄ አላውቅም። ምግብ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ መቅመስ እንዳለበት ማን ነግሮኝ! መይሙናም ከጭንቀቷ ብዛት አላሰበችውም።

ፖሊሱ ወጣት ነው። «አንቺ» ማለቱን አልተቀየምኩም፤ አማርኛን በኋላ የተማረው ነው።

ምግቡ ለነጃት መሆኑን ነግሬዋለሁ። «ምኗ ነሽ?» አለኝ።

«አክስቷ።»

አጥሩ ሥር ጃኬት የለበሰ፣ ጉንጩ በጫት ያበጠ ሰው ተቀምጧል። ሳቀ።

«አክስቷ? ታዲያ አንገትዎ ላይ ያለው ማተብ ምንድን ነው፣ እማማ?»

ነጠላዬን ወደ አንገቴ ሳብኩ... ግን አንዴ አይቶታል። ተነሥቶ ስልኩን ወደ ፊቴ አዞረ። ፎቶ አንሥቶኝ ይሁን ሊያስፈራራኝ ብቻ እስካሁን አላውቅም።

«ቤትዎ የት ነው? ልጆች አሉዎት?»

ልጄ በሐሳቤ መጣችብኝ፣ የልጅ ልጆቼም ተከተሏት... የሰውየው ድምፅ ቁጣ እንኳ የለበትም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ክርስቲያን ናት፤ ይህን አትበላም» አለው ለፖሊሱ። «ካልቀመሰች ደግሞ አይገባም። አለቀ።»

እውነቱን ልናገር፣ ለመሄድ ዞሬ ነበር። ግን ነጃት ስሙን እንኳ ለማታውቀው ሰው ስንት ጊዜ እንዲህ በር ላይ ቆማለች? እሷን ብለን የምንቆም ሰዎች ከጠፋን፣ ነገ ለኔስ ማን ይቆማል?

ተመለስኩ። ክዳኑን ከፍቼ ሩዙን ቆነጠርኩ።

«ሥጋውንም» አለ ባለጃኬቱ።

ሥጋውንም አነሣሁ። አማተብኩና ጎረስኩ። እንደምንም ዋጥኩት።

«ጨው አንሶታል» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ስፈራ ያገኘሁትን ነው የምናገረው።

ባለጃኬቱ መሳቁን ተወ። ፖሊሱ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሳህኑን ተቀበለኝ። «ቱሪ... ቆዪ፣ እማማ» አለ ኦሮምኛው ቀድሞት፤ ድምፁ ለስለስ ብሏል። «መኖሯን እኔ አላውቅም። ካለች ይደርሳታል።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ባለጃኬቱ ፊት ለፊቴ ቅጠሉን እየቀነጠሰ ያየኛል። በተነሣ ቁጥር ለኔ የተነሣ ይመስለኛል። ጸሎት ልጀምር ብል ሁልጊዜ የምደግመው ጠፋብኝ።

በመጨረሻ ሳህኑ ተከድኖ መጣ። «ተበልቷል፤ ሂጂ» አለኝ ፖሊሱ።

ማን በላው? ዘቦቹ በልተውት ቢሆንስ? የተበላ ሳህን ምን ምስክር ይሆናል? እዚያው ለመክፈት ድፍረት አጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ፣ ጣቢያው ከኋላዬ ከራቀ በኋላ ክዳኑን አነሣሁ።

ሳህኑ ንጹሕ ነው... መሃሉ ላይ ጥቂት ኦቾሎኒ አለ፣ ከነቅርፊቱ።

ባለባጃጁ «እማማ፣ ምን ሆኑ?» እስኪለኝ ድረስ አለቀስኩ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ።

«እዚያ ናት» አልኳት ቀድሞ ስልኩን ላነሣችው የመሥሪያ ቤቱ ልጅ።

«እርግጠኛ ነዎት? በዐይንዎ አዩዋት?»

«አላየኋትም። ግን ሳህኔን ባዶውን አልመለሰችም።» ታሪኩን ነገርኳት። «አሁኑኑ እንነሣለን» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ፖሊሶቹ «የለችም» ሊሏቸው ሲጀምሩ በስሟ ጠርተው፣ ዛሬ ረፋድ ምግብ እንደገባላት ተናግረው ገቡ። በዐይናቸው አይተዋታል፤ አልተመታችም። ፍርድ ቤት ትቅረብ ብለውም በጽሑፍ ጠይቀዋል። መይሙና ይህን ስትሰማ ከአልጋዋ ቀና ብላ ውኃ ጠጣች።

ነጃት ገና አልተፈታችም። እኔም ባጃጅ ደጄ ላይ በቆመ ቁጥር ልቤ ትር ይላል፤ ለነፍስ አባቴም ገና አልተናገርኩም። ነገም ግን ምግቡን የማደርሰው እኔ ነኝ... መይሙና ምስር እንድትሠራ ነግሬያታለሁ፤ ጨውም እንዳትረሳ።