ክንዴ ላይ ተቀመጠ የተባለው ጂኒ

ወላሂ አሁን እንኳን እመኑኝ!

አማቴ አሁን ክንዴን ጨምድዳ ይዛ "ጂኒው እዚች ጋ ነው!" አለች። መካነ ሰላም ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ክንዴ ውስጥ ያስቀበርኩትን የወሊድ መከላከያ ዳብሳ አግኝታ ነው።

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ከቤታችን በታች ያለው ገደል ነይ ነይ ሲለኝ፣ ልጄን ለማንሳት እጄ ሲፈራ፣ እናንተ የባሌ ቤተሰቦች "ሰነፍ ናት" ነበር ያላችሁኝ። አሁን ሲሻለኝ ደግሞ ጂኒ! ሐኪሞች ናችሁ ለካ። ጂኒ ከሆነም፣ አረግዛለሁ ብዬ ከመስጋት አሳርፎ እንቅልፍ የሰጠኝ እሱ ነው።

ባሌ ደግሞ "ነገ በጠዋት ከላላ ከተማ ወስጄሽ አስወጣዋለሁ፣ የማውቀው ሰው አለ፣ ከዚያ ሦስተኛውን ትወልጃለሽ" ይላል፣ ጀግናው! እሱ የሚያምጥ ይመስል።

እኔ ደግሜ ብወልድ ከዚያ ገደል አልመለስም፣ ፈርቻለሁ።

እንዲህ ያደረጓችሁ እህቶች እንዴት አመለጣችሁ? ሳይመሽ ደውሉልኝ፣ ሲመሽ ባሌ ስልኬን ይቀማኛል።