ደረቴን ጨምድዶ የያዘኝ ነገር

ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ደረቴን ጨምድዶ የሚይዘኝ ነገር አለ። ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። እኔም ብሞት ልጃችንን ማን ያሳድጋታል ብዬ ሰጋሁ። በእናቷ ማዘያ አዝያት ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ።

ሐኪሙ «አውርዳትና ተጋደም» አለኝ። ገና ስጋደም ተሻለኝ።

«ልብህ ጤነኛ ነው። ሐዘንና ጭንቀት እንዲህ ያደርጋል» ብሎ ሸኘኝ።

ደስ ብሎኝ ልጄን መልሼ አዘልኩ። በሩ ጋ ስደርስ ያው ነገር ጨመደደኝ። ተመለስኩና «ዶክተር፣ መጣ» አልኩት።

ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት ተነስተው ደረቴ ላይ ያለውን ቋጠሮ ነካ ነካ አደረጉት።

«አቦ፣ አንተ ልጅ፣ ማነው እንዲህ ያሰረህ?»

«ራሴ ነኝ እናቴ። እንዳትወድቅብኝ ብዬ ነው።»

«ልጅ ነው ያዘልከው ወይስ የቀፊራ ገበያ ሽንኩርት? እናቷስ?»

የእናቷን ማዘያ ጠርዝ ዳበስኩ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ቋጠሮውን ፈትተው ለቀቅ አድርገው አሰሩልኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ በረጅሙ ተነፈስኩ። ከትንፋሹ ጋር በቀብሯ ቀን እንኳ እምቢ ያለኝ እንባ መጣ። በወረፋው ሁሉ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

እናትየው ደንግጠው ማዘያውን ያዝ አደረጉት።

«ምነው፣ በጣም ላላብህ እንዴ?»