የልጄ ጉንጭ

ልጄ ክፉኛ በታመመችበት ሰሞን የተመሰገንኩትን ያህል በዕድሜዬ ተመስግኜ አላውቅም። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ባለው መንገድ ያገኘችኝ ሴት ሁሉ ታስቆመኝና የልጅቷን ጉንጭ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ «እሰይ! እሰይ! ሥጋ ዘራች እኮ! ምን እያበላሻት ነው እቱ?» ትለኛለች። የማበላት ክኒን ነበር። ፊቷን የነፋውም እሱው ነው። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቁና ጉንጯን እንደገና ይቆነጥጣሉ። በእኛ ኮቦ የወፈረ ድኗል፣ የከሳ ታሟል፤ ከዚህ ያለፈ የሕክምና እውቀት ማንም የለውም፣ እንዲኖረውም አይፈልግም።

ነገሩ የጀመረው በደም ነው። ልጄ አስር ዓመት ሳይሞላት ሆዷን እየቆረጣት ሰገራዋ ላይ ደም ይታይ ጀመር። እዚህ የሆድ ሕመም ሁሉ ስሙ አሜባ ነው። አሜባ ካልሆነ ጃርዲያ ነው፤ ጃርዲያ ካልሆነ ታይፎይድ። ሁሉንም ታከመች፤ ስም ሲያልቅባቸው ተመልሰው አሜባ አሏት። አንዷ ጎረቤቴ በርበሬ አብዝተሽባት ነው ስትለኝ፣ ሌላዋ ያለ በርበሬ እያሳደግሻት አንጀቷ ሰነፈ አለችኝ። ሁለቱም ይህን የተናገሩት አንድ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው።

በመጨረሻ በእናቴ እርዳታ ትልቁ ከተማ ያለው ሆስፒታል ወሰድኳት። በካሜራ አዩና የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው አሉ። ሐኪሟ ቀጥተኛ ሴት ነበረች። ደሙ በመድኃኒት ከቆመ ጥሩ፣ ካልቆመ ግን ትልቁን አንጀት ቆርጦ ማውጣት ሊመጣ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሰገራዋ ሆዷ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው የሚወጣው አለችኝ። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰማች። በአውቶብስ ስንመለስ ያን ሁሉ መንገድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነው የተቀመጠችው።

ክኒኑ ደሙን አቆመው። ነገር ግን ፊቷን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው፣ ስኳሯንም ሰቀለው። ክኒኑ እስኪቀነስ ድረስ ኢንሱሊን መወጋት አለባት ተባለ። ያን ጊዜ ነው ጥናቱ የመጣው። እንደ እሷ አንጀታቸው ቆስሎ በክኒን የተነሳ ስኳራቸው የወጣ ልጆችን እየተከታተሉ፣ ኢንሱሊን ቤት ውስጥ ሲሰጥ ምን ያህል አደጋ እንዳለው የሚያጠኑ ሰዎች ነበሩ። የስኳር መለኪያ ሰጡኝ፤ መለኪያ ወረቀቱ ግን በቀን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። ስልጠና ብለው አዳራሽ አስገቡንና ግድግዳ ላይ የማቀዝቀዣ ሥዕል አሳዩን። በማቀዝቀዣው ውስጥ ወተት አለ፣ ፖም አለ፣ ኢንሱሊኑም በሩ ላይ ተሰድሯል። ቆሽቴ አረረ። የእኔ ልጅ ኢንሱሊን የሚያድረው በጎረቤቴ በሼሁ ሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ለስላሳ መጠጦች መሃል ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር «አብሽሪ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልየዋለሁ» ይሉኛል። ለአጥኚው ወጣት ይህን ስነግረው «ማቀዝቀዣ አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገና ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈ።

አሁን የባሌን ታላቅ እህት ላስተዋውቅ። ባሌ ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው ሲመቸው ነው፤ እህቱ ግን ሁልጊዜ አለች። ስለ ሽንኩርት ከእኔ በላይ ታውቃለች፣ ስለ ስብከት ከቄሱ በላይ፣ ስለ በሽታ ከሐኪም በላይ። እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ወደ ጎብዬ መንደር ወርጄ ገበሬው ማሳ ላይ ካልተገኘሁ ሌላው ይቀድመኛል። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን። መርፌውን ጠዋት ተነስቼ እኔ እወጋታለሁ። ክኒኑን ደግሞ ቁርሷን ከበላች በኋላ አክስቷ ትሰጣታለች። «መርፌ ሳይ ነፍሴ ትወጣለች፤ ክኒን ግን ለእኔ ተይው» ብላ ራሷ ነበር የመረጠችው። መንገድ ቢዘጋ እንዳንቸገር ብላ ሐኪሟ ብዙ ክኒን ስለሰጠችኝ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ምን ገባ ምን ወጣ ብዬ አይቼም አላውቅ።

በዚያው ሰሞን የአክስቷ ልጅ ለጎረቤት ከተማ ለዋጃ ሰዎች ታጭታ ሠርጉ ደርሶ ነበር። ሙሽራዋ ቀጭን ናት። የሙሽራው እናት ለመጀመሪያ ጊዜ አይታት ስትወጣ «ልጅቷን ንፋስ እንዳይወስዳት ያዟት» ብላ ቀልዳለች አሉ። ያ ቀልድ አክስትየዋን እንቅልፍ ነሳት። እንጀራ በቅቤ፣ ገንፎ በቅቤ፣ ተልባ፣ አጃ፣ ምን ያልተሞከረ አለ! ሙሽራዋ ግን ያው ናት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፊቷ በድንገት ሞላ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አየሁ፤ ገንፎው ሠራ ብዬ አለፍኩ። የልጄም ስኳር ጠዋት ጠዋት ሲለካ ዝቅ እያለ ስለመጣ ለእኔም ደስታ ሆኖልኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት አስጭኜ ስመለስ ልጄን ልወስድ አክስቷ ግቢ ገባሁ። ዳሱ ተጥሏል፣ ሴቶቹ በርበሬ እየቀነጠሱ ነው። ልጄ ጆንያ ላይ ተጋድማለች። ሁለት ሴቶች በሰፌድ ያራግቡላታል።

«ምን ሆነች?»

«ሐሩሩ ነው እቱ፤ አላበኝ፣ ደከመኝ እያለች ነው፤ ውሃ አፍስሰንባታል» አለችኝ አንዷ።

በእኛ ቆላ ሰው ማላቡ ምኑ ይገርማል? እጄን ግንባሯ ላይ ሳደርግ ግን ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። ኮቦ ውስጥ በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛ ነገር የለም። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስጠራት ዓይኗን ትከፍትና ሳታየኝ ትከድነዋለች። ስኳሯ ወርዷል! ይህን እንኳ ከዚያ አዳራሽ ተምሬያለሁ።

«ስኳር አምጡ! ቶሎ!» አልኩ።

አክስቷ ለድግሱ የተገዛውን ስኳር በሁለት እጇ አቀፈችው። «አበድሽ እንዴ? ስኳር ያለባትን ልጅ ስኳር? ልትገያት ነው?» ሴቶቹም ሁሉ እውነቷን ነው አሉ። በርበሬ የያዘ እጃቸውን እያወዛወዙ ተቆጡኝ። የአገሩ አዋቂዎች ተሰብስበው ልጄን በእውቀታቸው ሊቀብሯት ነው። ስኳሩን ከእቅፏ መንጭቄ ቀደድኩት፣ በውሃ በጥብጬ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋት። ደግነቱ መዋጥ ትችል ነበር። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና፣ «እማ፣ ለምን ረጠብኩ?» አለችኝ።

ለአጥኚው ደወልኩ። የልጄን መውደቅ «ክስተት» አለው። «ክስተቱ በስንት ሰዓት ተፈጠረ?» ይለኛል። ስሳደብ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። «ክኒኑ ቀንሷል እንዴ? ክኒኑ ሲቀንስ መርፌው በነበረበት ከቀጠለ እንዲህ ይጥላል» አለ። አልቀነሰም ብዬ ዘጋሁበት።

ቤት ገብተን ልጄን ጠየቅኳት።  ወደ ግድግዳው ዞራ ተናገረች። አክስቷ ከክኒኑ ግማሹን ብቻ ነው የምትሰጣት። ግማሹን በመሐረብ ቋጥራ ለሙሽራዋ ትወስዳለች። «'አንቺ ወፍረሻል፣ ይበቃሻል፤ አሁን ደግሞ ለእህትሽ ይድረሳት' ትለኛለች» አለችኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፊቴ እንዲመለስ ብዬ።»

ትምህርት ቤት ልጆቹ ድቡልቡል እያሉ ይጠሯት ነበር። መንገድ ላይ ጉንጯን የሚቆነጥጧትን ሴቶች ሁሉ እንደምትጠላቸው ያን ቀን ነገረችኝ። ደሙም ተመልሷል። ከተመለሰ ቆይቷል፤ ለእኔ እንዳይታየኝ ሽንት ቤቱን ራሷ በውሃ ታጥበው ነበር። አንጀቷን ቆርጠው ያወጡታል የተባለውን ሰምታ የተቀመጠች ልጅ፣ ያን ደብቃ የምትጠብቀው የራሷን ፊት ነው። እሷን ልቆጣ አልቻልኩም። አቅፌ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ወደ ዳሱ ተመለስኩ።

ባሌን ካገባሁ ጀምሮ እህቱን አንቱ እላት ነበር። ያን ቀን «አንቺ!» አልኳት፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት። «የልጄን መድኃኒት ለማን ነው ያበላሽው?»

ብትደነግጥ፣ ብታፍር እንኳ ደግ ነበር። «ታዲያ ምን አለበት?» አለች። «ያንቺዋ ከምትፈነዳ ለዚችኛዋም ትንሽ ቢደርሳት ምናለበት? የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም? የማወፈሪያ ክኒን አንቆ ይዞ ለብቻ!»

የማወፈሪያ ክኒን! ያን ሁሉ ጊዜ የነገርኳት፣ አንጀት፣ ቁስለት፣ ደም፣ ሁሉም በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ሴቶቹም የተቆጡት እኔን ነው። ለሙሽራ የሚሆን ነገር የምትነፍግ ምቀኛ አሉኝ።

በማግስቱ ሽማግሌ ተላከብኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተቀመጡ። ነገሩ እስከ ሠርጉ ይቆይ፣ የዋጃ ሰዎች ከሰሙ ሙሽራዋ በመድኃኒት የምትኖር ናት ይሉና ይበላሻል አሉኝ። ስለ ቤተሰብ ፍቅር አወሩ፣ ስለ ይቅርታ አወሩ፣ ስለ ገመና አወሩ። ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ እየሰማች ነው። አንድም «ልጅቷ እንዴት ናት?» ያለ የለም። እንዲህ ያለ ሽምግልና ለከብት ጠብም አይሆንም። ተነሱልኝ አልኳቸው።

ከዚያ ሙሽራዋን እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እሷን መናቅ አልቻልኩም፤ የሞላው ፊቷ ላይ እንባዋ ሲወርድ የልጄን ፊት ነው የመሰለኝ። «እትዬ፣ ከመድኃኒት ቤት የገዛችልኝ መስሎኝ ነው፤ ወላዲተ አምላክን!» አለችኝ። ባለሙያው ክኒኑን በአንድ ጊዜ ማቆም ራሱን የቻለ አደጋ ነው፣ ቀስ እያልሽ ትቀንሺዋለሽ ብሎ አዘዘላት። እናቷ ይህን ስትሰማ የተጨነቀችው ሠርጉ ላይ ፊቷ ይከሳል ብላ ነው።

እኔና ልጄ ሠርጉን አላየንም። ሆስፒታል ተኝተን ነበር። አንድ ቀን ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ ከረጢቱ የሚለጠፍበትን ቦታ ሆዷ ላይ በጣቱ አሳየ። ልጄ ጣቱ ያረፈበትን ቦታ በእጇ ሸፈነችው። ሌላ መድኃኒት በደም ሥሯ ጀመሩላት፤ እኔም በየጠዋቱ የሽንት ቤቱን በር ይዤ እቆማለሁ። በዚያው መሃል አጥኚው መጣ፤ ክኒኑ በትክክል ስላልተወሰደ ልጅቷን ከጥናቱ ልናወጣት እንገደዳለን፣ ውጤቱን ታዛባብናለች አለኝ። ሳቄ መጣ። «ወንድሜ፣ ስለ ማቀዝቀዣ ጠየቅኸኝ፣ እጅ ስለ መታጠብ ጠየቅኸኝ። ቤታችሁ የምታገባ ቀጭን ልጅ አለች ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? የኢንሱሊንን አደጋ የምታጠና ከሆነ አደጋው ኮቦ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎልሃል» አልኩት። ፈገግ ብሎ አስፈረመኝና ሄደ። መለኪያውን እንኳ መልሶ ወሰደው።

በዚያው ሰሞን የሠርጉ ቪዲዮ በስልክ መጣልኝ። ሴቶቹ ሙሽራዋን ከበው ጉንጯን እየነካኩ እልል ይላሉ። አክስትየዋ መሃል ቆማ ትውረገረጋለች። ስልኩን ዘጋሁት።

አዲሱ መድኃኒት ቀስ ብሎ ሠራ፤ ደሙ ቆመ፣ አንጀቷም በቦታው ቀረ። ክኒኑን ሐኪሟ ራሷ እየቀነሰች አስቆመቻት፤ ከእሱ ጋር መርፌውም ቀረ። ፊቷ ወደ ቀድሞው ሲመለስ አገጯ ወጣ፣ የጉንጯ አጥንት ታየ፣ ዓይኗ ትልቅ ሆነ። ኮቦ ስንመለስ ያቺው የመንገዳችን ሴት ሁሉ አስቆመችን። «ውይ! ውይ! ምነው እንዲህ ከሳች? ጠናባት እንዴ?» ይሉና ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ታማ ሲመርቁኝ የነበሩ ስትድን ያጽናኑኝ ጀመር።

ለፋሲካ አክስቷ መጣች። ባሌ ነው የጠራት፤ እሱ በዓል ሲሆን ቤተሰብ ትዝ ይለዋል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ገብታ ተቀመጠች፣ ልጄን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየቻት፣ ጉንጯንም በሁለት ጣቷ ፈለገችው።

«ውይ የኔ ልጅ! ያ ሁሉ ፊትሽ የት ሄደ?»

ልጄ የአክስቷን እጅ ከፊቷ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው።

«ያኛው የክኒኑ ነበር አክስቴ» አለቻት። «ይሄ የእኔ ነው።»