ከመስጊዱ ጥግ የማይደርስ ሬዲዮ

ከማሉዲን ካርቲየ ሰባት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ፣ ከጫት መሸጫዎቹ አጠገብ፣ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ይጠግናል። ድሬዳዋ ተወልዶ ለወደብ ሸክም ጅቡቲ የመጣ ሰው ነው። ወገቡ እምቢ ሲለው፣ በአርባ ስድስት ዓመቱ፣ የተጣሉ ሬዲዮኖችን እየፈታ ሙያውን በራሱ ተማረ። ዓሣ አጥማጆች የሚይዟቸውን ርካሽ የቻይና የእጅ መገናኛ ሬዲዮኖች እንደ እሱ የሚያውቅ የለም ይባላል። እሱም መባሉን አይጠላም። ጠግኖ በጨረሰው ሬዲዮ ማንጠልጠያ ላይ አረንጓዴ ክር ያስራል።

አንድ ጠዋት ዓሣ ሻጯ ሀያ መጥታ ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት።

«ሞተሩ ቆሞበት ባሌ ዘይድ ሁለት ቀን ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ሰነበተ» አለች። «ፈላጊዎቹ ስሙን ሲጠሩ እሱ በዚህ ጉድ ይሰማቸው ነበር። እሱ ሲጮህ ግን የሰማው የለም!»

«ተረፈ?»

«ተረፈ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ተኝቷል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ይወጣል። ካልወጣ ምን እንበላለን?»

ከማሉዲን ብሎኖቹን ፈታ። ድምፁን ወደ ውጭ የምትልከው ትራንዚስተር ተቃጥላለች። ማን እንዳቃጠላት ያውቃል። ሬዲዮውን የሸጠው የካርቲየ ሦስቱ ነጋዴ ኡበይድ፣ አንቴና ይሰረቅብኛል ብሎ ሁሉንም ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋል። ገዢ ሲመጣ አንቴና በሌለው ሬዲዮ ቁልፉን ተጭኖ ያወራል። ኃይሉ መውጫ ሲያጣ ደግሞ ሬዲዮው ራሱን ያቃጥላል። ከማሉዲን ይህን ሁለት ጊዜ ለብቻው ጠርቶ ነግሮታል፤ የአገር ልጅ በሰው ፊት አይዋረድም ብሎ።

ሬዲዮውን ጨብጦ ተነሣ። ሀያ ተከተለችው። እስከ ኡበይድ ሱቅ መንገዱን ሁሉ በንዴት ሮጠ።

ኡበይድ አንቴና በሌለው ሬዲዮ «አሎ፣ አሎ» እያለ ለሁለት ጀልበኞች ያሳያል። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሁለተኛው ሬዲዮ ይመልሳል።

«ጋሽ ከማል! ና መስክርልኝ፤ እንደ ደወል ጥርት!»

«ከጠረጴዛ ማዶ የሞተም ይናገራል» አለ ከማሉዲን። ኡበይድ ሲያወራበት የነበረውን ሬዲዮ ነጥቆ ለአንዱ ጀልበኛ ሰጠው። «ወንድሜ፣ እስከ መስጊዱ ጥግ ሂድና ጥራኝ።»

ሰውዬው ሄደ። ጥጉ ጋ ቆሞ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከማሉዲን ከጠረጴዛው ያነሣው ሁለተኛው ሬዲዮ ግን ጭጭ።

«አቦ ተወን!» ጮኸ ኡበይድ። «የአገር ልጅ የአገር ልጅን እንጀራ ይዘጋል?»

«የአገር ልጅ አትበለኝ! በዚህ ስም አፌን ዘግቼልህ ነው የዚህች ሴት ባል ሊሞት የነበረው!»

ኡበይድ ከማሉዲን የጨበጠውን የዘይድን ሬዲዮ አይቶ ሳቀ። «እሺ፣ ይህ ክር የማን ነው?»

ሀያ ዞር ብላ ከማሉዲንን አየችው።

ክሩን ጠዋት ሬዲዮው ገና ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈ አይቶታል። ባለፈው ወር ዘይድ ቻርጅ አልቀበል ብሎኛል ብሎ አምጥቶለት፣ እሱም አስተካክሎ፣ እንደ ኡበይድ ከጠረጴዛ ማዶ «አሎ» ብሎ ሞክሮ ክሩን አሰረበት። ያን ሁሉ መንገድ በንዴት የሮጠው ክሩን ላለማየት ነበር።

«የእኔ ነው» አለ በሰዉ ፊት። «እኔም ከርቀት አልሞከርኩትም።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ከዚያ ወደ ኡበይድ ዞሮ «አሁን መሳቢያውን ክፈት!» ብሎ ጮኸ። ጀልበኞቹም ጮኹ። ኡበይድ እየተራገመ ከፍቶ አንቴናዎቹን አወጣ።

ከማሉዲን ከራሱ ሁለት ሬዲዮኖች አንዱን ለሀያ ሰጣት። «ሳይወጣ ከዓሣ ወደቡ ይጥራኝ። ካልሰማሁት አይውጣ በይው።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«አባ ክር፣ ትሰማኛለህ?» አለ ዘይድ እየሳቀበት።

ከማሉዲን ስድቡን ዋጠው። «እሰማሃለሁ» አለ። «ትንሽ ራቅ በልና ደግመህ ጥራኝ።»