የተማም መቃብር የተከፈተ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የአደጋ ዋስትና ነው አለችኝ። ለሞት ይህን ያህል፣ ለሁለት እጅ ይህን ያህል፣ ለአንድ ዓይን የዚያ ግማሽ። «ክፉ ቢያገኘኝ ገንዘቡን ወሳጇ አንቺ ነሽ፣ እማማ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን «ሬሳውን ማን ያየዋል?» አልኳት። ግራ ገባት።

እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ የሰማሁት በጣሊያን ጊዜ፣ መቱ ውስጥ፣ ገና ሙሽራ ሳለሁ ነው። ባሌ ተማም ወደ ጎሬ በሚወጣው መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። የካሣውን ደንብ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ አንብቦላቸው ኖሮ፣ ቤት ሲገባ ትንሿን ጣቱን ቀስሮ «ይቺ ብቻዋን አንዲት ጊደር ታወጣለች» እያለ ያሾፍ ነበር። እኔም «አንተማ በረት ሙሉ ከብት ነሃ!» ብዬዋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ገደሉን አርሶት ቋጥኝ ተናደና ደረቱን መታው። ረፋዱ ላይ በቃሬዛ ሲያመጡት ለምሳው የቀቀልኩት ጎደሬ ገና ትኩስ ነበር። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ቀብሩን አቻኮሉ፤ በእኛ ወግ ሬሳ ማቆየት ሟቹን ማንገላታት ነው። ከአስር ሶላት በፊት ተቀበረ። ሴት መቃብር አትሄድምና እኔ ቤት ቀረሁ። ፊቱን ሸፍነውት ስለነበር አላየሁትም።

በሦስተኛው ቀን አስተርጓሚው ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ለቅሶ ቤቱ ድረስ መጣ።

«ሐኪም ሳያየው ቀብራችሁታል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ካልታየ ሞተ አይባልም። ጫካ ገባ ተብሎ ይጻፋል፤ አለዚያ መቃብሩ ተከፍቶ ሐኪም ይየው።»

ጫካ ገባ የተባለ ሰው ቤቱ ይቃጠላል፤ ወንድሙ ይታሰራል። ተማም ደግሞ ታናሽ ወንድም ነበረው። እኔም የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ።

«ይቃጠል!» አሉ አማቴ። «ልጄን ሁለት ጊዜ አልቀብርም። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሺ እንዳትዪ።» ከሙሽርነቴ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጠሩኝ እንዲያ ነበር።

ፈቃድ የሚጠየቀው ግን ከሚስት ነበር። ሆዴን አሰብኩ፣ ያን ልጅ ወንድሙን አየሁት፤ እሺ አልኩ።

ሬሳውን እንድለይ እኔንም መቃብሩ ድረስ ወስደው ቆፈሩት። ሐኪሙ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ቆመ። ከፈኑን ገለጡና «ባልሽ ነው?» አሉኝ።

«ነው» አልኩ።

ሐኪሙ ደረቱን በበትር ነካ ነካ አድርጎ ጻፈ። ከዚያ አስተርጓሚው ነገረን፦ ቋጥኙ የተናደው ሠራተኞቹ ለእረፍት ተቀምጠው ሳለ ነው፤ ስለዚህ ተማም በሥራ ላይ አልሞተም። ካሣ የለም።

ቤታችን አልተቃጠለም፤ ወንድሙም አልታሰረም። ይህን እየጠሩ የሚያጽናኑኝ ነበሩ። አማቴ ግን የወለድኩትን እያቀፉ እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን ኢንተላ ኮ ብለው አልጠሩኝም። አልፈርድባቸውም።

የልጅ ልጄ ይህን ሰምታ ወረቀቷን አጠፈችና «ታዲያ ምን ማድረግ ትችዪ ነበር?» አለችኝ። ስንት ዘመን ሙሉ ራሴን የጠየቅኩት እሱን ነው። የተማም ድምፅ ትዝ ይለኛል፤ አረማመዱም። ፊቱን ላስታውስ ስል ግን የሚመጣብኝ ያ በሦስተኛው ቀን ያየሁት ብቻ ነው። ሌላ ፊት አልቀረልኝም።