ለእህቴ የተላከ ብረት

ከጎንደር የተነሳሁት ለነፍሰ ጡር እህቴ ለውዴ ሁለተኛውን ብልቃጥ የብረት ክኒን ላደርስ ነው። ውዴ ከደባርቅ በላይ ባለ መንደር ከአማቷ ጋር ትኖራለች፤ ባሏን ብሔራዊ ውትድርና ወስዶታል። ፊቷ ገርጥቶ የቤቱን ግድግዳ አፈር እየፈረፈረች ትበላለች ሲባል ብሰማ፣ የመጀመሪያውን ክኒን በነጋዴ እጅ ልኬላት ነበር።

በጭነት መኪናው ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ብረት ትበላለች? እንግዲያ ማረሻዬን ውሰድላት!»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዳባት ላይ ወታደር የጫኑ መኪኖች እስኪያልፉ ቆመን ዋልን። የሃምሳ ሳንቲም ቆሎ እየቆረጠምኩ የውዴን ባል ከመካከላቸው ፈለግሁ። አቧራው ሁሉንም አንድ መልክ አልብሷቸዋል።

በማግስቱ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ጎራ አልኩ። ድሬሰሩ ብልቃጡን አገላብጦ አየና፣

«ሰውነት ያለ ብረት ደም አይሠራም» አለኝ። «ይህን ስትውጥ ዓይነ ምድሯ እንደ ከሰል ይጠቁራል። የብረቱ ነው፤ እንዳይደነግጡ ንገራቸው።»

ይህን እስከዚያች ሰዓት የነገረኝ አልነበረም።

ከደባርቅ በእግሬ ወጣሁ። ገብሱ በውርጭ ተመትቶ መሬት ላይ ተኝቷል። ከመንደሩ አፋፍ ስደርስ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አየሁ።

የውዴ አማት እማማ አንጓች ሕፃን አቅፈው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

«ትናንት ቀበርናት፣ የኔ ልጅ። ይቺን ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። ደምም አይባል፣ ውሃ ነበር።»

«ክኒኑስ፣ እማማ?»

«ያ መርዝ? ጥቂት ቀን ብትውጠው ከሆዷ ጥቁር ወጣ። አንጀቷን ሊያሳርር ነው ብዬ ነጠቅኋት። ‹ወንድሜ ነው የላከው› ብላ ብትለምነኝም እንቢ አልኳት። ልጄን ላተርፍ ብዬ!»

«የት አደረጉት?»

በአገጫቸው አመለከቱኝ። ከግድግዳው ሥር ነው የቀበሩት። ከበላዩ የውዴ ጣቶች አፈር የፈረፈሩበት ጎድጓዳ ይታያል። ብረቱን ከአፈር ስትፈልግ፣ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ተቀብሮላት ነበር።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እማማ አንጓች ጨርቅ ወተት ውስጥ እየነከሩ ሕፃኗን ያጠባሉ። ጥቁሩ የብረቱ እንደነበር ሳልነግራቸው የወተቱን ዕቃ ያዝኩላቸው።

ስመለስ ብልቃጡን ለድሬሰሩ ሰጠሁት። እሱም ተራ ይጠብቁ ከነበሩት አንዲት የገረጣች ነፍሰ ጡር ጠርቶ ሰጣት። በር ላይ ጠብቄ ዓይነ ምድሯ እንደሚጠቁር ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣

«ምን ያለ ጋጠወጥ ነው!» ብላ ሳቀች።

ሳቋን እስክትጨርስ ቆሜ ደግሜ ነገርኳት።

ጎንደር በባዶ እጄ ገባሁ። ክኒኑ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ነበር፤ ያልወጣው አንድ ቃል ነው።