ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ሰው

ስምንተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት የአማርኛ መምህራችን ክረምቱን አዲስ አበባ አሳልፈው ሲመለሱ አንድ ካርቶን መጻሕፍት አውቶቡስ ላይ ጭነው መጡ። ከተማችን መቱ ውስጥ ያን ጊዜ የሚነበብ ነገር ብርቅ ነበር። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሳለ እኛ ቤት እንኳ ከዳዊትና ከአሮጌ ጋዜጣ በቀር ፊደል ያለበት ነገር አልነበረም። ጋዜጣውንም የማነበው እናቴ መደርደሪያው ላይ ካነጠፈችው በኋላ ነበር፤ አንገቴን አጣምሜ።

መምህራችን ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «አንዳንድ ትወስዳላችሁ» አሉ። «ዓርብ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ያነበባችሁትን ወጥታችሁ ትናገራላችሁ። ታሪኩን ብቻ አይደለም። ምኑን እንደወደዳችሁት፣ ምኑን እንዳልወደዳችሁት ከነምክንያቱ።»

መጀመሪያ የደረሰኝ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ወጥቼ ስናገር ክፍሉ ሳቀብኝ፤ ከተማሪው ግማሹ ቀፎ ከሚሰቅል ቤት የመጣ ስለሆነ ከጸሐፊው ይበልጥ ያውቅ ነበር። ሁለተኛው ምክር የበዛበት የተረት መጽሐፍ ነው። «እንቅልፍ አመጣብኝ፤ አልጨረስኩትም» ብዬ እውነቱን ተናግሬ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ሽፋኑ ተገንጥሎ በሲሚንቶ ወረቀት ተለብዶ ስለነበር ርእሱን እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱን በሁለት ቀን ጨርሼ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

ኅዳር ውስጥ በአንዱ ዓርብ ተራዬ ደረሰና ሰሌዳው ፊት ቆምኩ።

«ታሪኩ የአንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው» አልኩ። «አባቷ ፖሊስ ነው። ልጅቷ በንዳድ ታማ ከሞት አፋፍ ከተመለሰች በኋላ የሞተ ሰው ልብስ በእጇ ስትይዝ የሟቹ ድምፅ ይሰማታል። ድምፁ ግን ሁሉን አይነግራትም። ሟቹ በመጨረሻ ያየውን ብቻ ነው የሚነግራት፤ የቀረውን ራሷ ጠይቃ፣ ዱካ ተከትላ ታገኘዋለች። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ወንዝ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። አብሮት የነበረው ወዳጁ ‹ውሃ ወሰደው› ይላል። ልጅቷ ግን የነጋዴውን ካፖርት ትይዝና ትሰማለች።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ጸጥ ብሎ ሰምቶኝ አያውቅምና ልቤ አበጠ።

«የወደድኩት መንፈሱ እንድትሰንፍ አለመፍቀዱን ነው። ሁሉን ቢነግራት ኖሮ መርማሪ ሳትሆን መልእክተኛ ትሆን ነበር። ትፈራለች፤ ትሳሳታለች፤ እንደኛው ልጅ ናት። ያልወደድኩት መጨረሻውን ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ እኔ ገና መጽሐፉ አጋማሽ ሳልደርስ ዐውቄዋለሁ።»

«እንዴት ዐወቅሽ?» አሉ መምህራችን ደስ ብሏቸው።

«ያ ወዳጁ ነው። ለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ከሟቹ እናት ይበልጥ አለቀሰ። ንጹሕ ሰው እንደዚያ አያለቅስም።»

ተማሪው ሳቀ፤ መምህራችንም አጨበጨቡልኝ። ወደ ቦታዬ ስመለስ ግን ከእኔ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ቀና ብላ አላየችኝም። የያዘችውን እርሳስ በጥርሷ ነክሳ መጽሐፌ የተለበደበትን የሲሚንቶ ወረቀት ታያለች። ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ ገባኝ።

የዚህች ልጅ ወንድም በነሐሴ ሞቷል። ማር ሊገዛ ከአንድ ጓደኛው ጋር ኡካ ወደሚባል አገር ሄዶ ሲመለሱ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። ጓደኛው አንዲት በቅሎ እየሳበ ብቻውን መጣና «ውሃ ወሰደው» አለ። ሬሳው አልተገኘም። ጓደኛው ከገበያው በላይ በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው፤ የኔንም የትምህርት ቤት ልብስ የሰፋልኝ እሱ ነው። ለቅሶው ላይ መሬት ላይ ሲንከባለል ሦስት ሰው ይዞት ነበር። እናትየዋ ራሳቸው «በቃህ፣ በቃህ» እያሉ አባብለውታል። ይህን ሁሉ መላው መቱ ያውቃል፤ እኔም ዐውቃለሁ፤ ለቅሶው ላይ ነበርኩ። ሰሌዳው ፊት ስቆም ግን አንዱም ትዝ አላለኝም። የማስበው ስለ መጽሐፉ ብቻ ነበር።

«መጽሐፉን አውሺኝ» አለችኝ ስንወጣ።

«ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«ዐውቃለሁ። አውሺኝ።»

አልሰጥም ለማለት ምክንያት አጣሁ። ሰጠኋት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቷ እኛ ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ። መጽሐፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል። አማርኛ ይሰማሉ፤ ነገሩ ሲከብዳቸው ግን ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ። ልጃቸው ቅዳሜና እሑድ ሙሉውን እየተረጎመች አንብባላቸዋለች።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄን መጽሐፍ የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉኝ። ልጅቷ ልብሱን ስትይዝ መጀመሪያ ምን ትላለች? የምትለው ጸሎት አለ?»

«እትዬ፣ እንዲህ ያለች ልጅ የለችም። ጸሐፊው ከራሱ አፍልቆ የጻፋት ናት።»

«ሶባ?» አሉ። ውሸት ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«አዎ፣ ውሸት ነው። ለመዝናኛ የተጻፈ ውሸት።»

መጽሐፉን ከነጠላው አውጥተው አገላብጠው አዩት። «ውሸት ከሆነ መንግሥት እንዲታተም ለምን ፈቀደ? ትምህርት ቤትስ ለልጆች ለምን ሰጠ?»

አሁንም ቢሆን እንዲያ ተብዬ ብጠየቅ ምን እንደምመልስ እርግጠኛ አይደለሁም።

እናቴ ወጥታ ወደ ቤት አስገባቻቸው። ተቀመጡና ከብብታቸው ሥር ሌላ ጥቅል አወጡ። የልጃቸው ኮት ነበር፤ ቡናማ፣ ክርኑ ላይ በሌላ ጨርቅ የተጣፈ። ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

«ያዢው» አሉኝ።

እናቴን አየኋት። በዐይኗ ያዢላቸው አለችኝ። ያዝኩት። የጭስና የማር ሽታ ነበረው። ውጭ አህያ ይጮኻል። እናትየዋ አፍ አፌን ያያሉ። በሕይወቴ ያን ያህል የሚጠብቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ የምሰጠው ምንም ነገር አልነበረኝም።

«ምንም አልሰማሁም፣ እትዬ።»

«በደንብ ያዢው። በሁለቱም እጅሽ።»

በሁለቱም እጄ ያዝኩት። ልቤ ሲመታ ብቻ ይሰማኛል። ላሳርፋቸው ብዬ ዋሸሁ። «ውሃው ነው አለ» አልኩ። «ማንም አልነካኝም፤ ውሃው ነው አለ።»

ኮቱን ከጉልበቴ ላይ ቀስ ብለው አነሡት። «ልብስ ሰፊውን ፈርተሽ ነው» አሉ። «ልጅ ነሽ፤ አልፈርድብሽም።»

እውነቱን ብናገር አላመኑኝም፤ ብዋሽም አላመኑኝም። ሲወጡ እናቴ እስከ አጥሩ ሸኝታቸው ተመለሰችና ተቆጣችኝ። ለምን ተናገርሽ ትበል ለምን ዋሸሽ ትበል ለራሷም አልለየላትም።

በማግስቱ ለመምህራችን ነገርኳቸው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «እኔ አስረዳቸዋለሁ» ብለው ከሰዓት በኋላ ወደ ሴትየዋ ቤት ሄዱ፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነበር።

«ምን አሉዎት፣ ጋሼ?»

«አክብረው አስቀመጡኝ፤ እርጎ ሰጡኝ፤ የምለውን ሁሉ ሰሙኝ» አሉ። «በመጨረሻ ‹ልጆች አሉዎት ወይ?› ብለው ጠየቁኝ። የለኝም አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ምን ልበላቸው?»

በዚያው ሳምንት ካርቶኑን ዲሬክተሩ ቢሮ አስቆለፉት። የዓርቡ ንባብም ቀረ።

ወሬው ግን አልተቆለፈም። ልብስ ሰፊው ከለቅሶው ጀምሮ በየሳምንቱ እሑድ እናትየዋ ዘንድ እየሄደ እንጨት ይፈልጥላቸው ነበር። በዚያ እሑድ በሩን ዘጉበት። መጥረቢያውን እንደያዘ ውጭ ቆሞ ቆይቶ ሄደ አሉ። ገበያ ላይ «ከእናት በላይ ያለቀሰ» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እኔው በጆሮዬ ሰማሁት። ቃሉ የኔ ነው። ቅመም ትሸጥ የነበረች ሴት ከዱሮ ጀምሮ የሚነገር ምሳሌ አስመስላ ስትለው ሰማሁ። ልመልሰው ብሮጥ ወዴት እሮጣለሁ?

ነገሩ እየከረረ ሲሄድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች እናትየዋንና ልብስ ሰፊውን ለማስታረቅ ተሰበሰቡ። እኔም ተጠራሁ፤ አባቴ ይዞኝ ሄደ። ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እናትየዋ ያመጡትን መጽሐፍ እጁ ላይ አድርጎ «እስቲ ልጄ፣ በዚህ ውስጥ የተጻፈው በእኛ አገር የሆነ ነገር ነው?» አለኝ።

«አይደለም። የትም አልሆነም። ልብ ወለድ ነው።»

«መልካም» አለና መጽሐፉን ለአባቴ ሰጠው። ወደ እናትየዋ ዞሮ «እናቴ፣ በወረቀት ሰው አይከሰስም» አላቸው። እውነት ለመናገር፣ ያን ጊዜ ከትከሻዬ ላይ ሸክም የወረደ መሰለኝ። ሽማግሌው ቀጥሎ ልብስ ሰፊውን «አንተም ለእናት ልብ ዕረፍት ስትል በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ማልና ይለቅ። በሞቱ እጄ የለበትም በል» አለው።

ልብስ ሰፊው ተነሣ። ለሐዘን እየደጋገመ የሚላጨው ጸጉሩ ገና በወጉ አልበቀለም። «በሞቱ…» አለ። እንደገና «በሞቱ…» አለ። ሰው ሁሉ ጠበቀው። እጁን፣ መቀስ ጠባሳ ያወጣበትን አውራ ጣቱን እያየ ቆሞ ቀረ። ከዚያ መሐላውን ሳይጨርስ ተቀመጠ።

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው «ኧኸ!» አለ። እናትየዋ አልጮኹም። ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ አድርገው ብቻ ዐንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለልብስ ሰፊው የሚሰፋ ልብስ የሚሰጠው ሰው ጠፋ። ቀድሞ የሰጡትም መጥተው ያላለቀውን ሳይቀር ወሰዱ። የእናቴን ቀሚስ እንዳመጣ ተልኬ ስሄድ አንዱ እጅጌ ገና አልተያያዘም ነበር፤ እንዲሁ አጥፎ ሰጠኝ። ዐይኑን ማየት አልቻልኩም።

ከጥምቀት በፊት ከተማውን ለቆ ሄደ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አውቶቡሱ ሲጫን አየሁት። ሲንጀሩን በጆንያ ጠቅልሎ ጣሪያው ላይ እያሰረ ነበር። ወደ ቡሬ እንደሚሄድ ከረዳቱ ሰማሁ። ቀረብኩና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። ለቅሶ መጣብኝ።

ወርዶ አጠገቤ ቆመ። «አንቺ ምን አደረግሽ?» አለኝ። «መጽሐፍ ነው ያነበብሽው።»

«ለምን አልማሉም? ቢምሉ ኖሮ ያበቃ ነበር።»

ጆንያውን ያሰረበትን ገመድ ትራፊ ጣቱ ላይ ሲጠመጥም ቆየ። «እሱ ውሃው እስኪጎድል ማዶ እንደር ብሎኝ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ እንሻገር ያልኩት። ለሠርግ የሚደርስ ልብስ ነበረብኝ። እየሳቀ ‹ፈሪ አትበለኝ› ብሎ ቀድሞኝ ገባ። ታዲያ በሞቱ እጄ የለበትም ብዬ እንዴት ልማል?»

«ይህን ለእናቱ ይንገሯቸው!»

«በየሳምንቱ እሑድ ልነግራቸው ነበር የምሄደው። እንጨቱን ፈልጬ እጨርስና አፌ አልፈታ ይላል።» ረዳቱ ጠራው። «አሁን ደግሞ ማን ያምነኛል?»

አውቶቡሱ ሄደ። እኔ ደብተሬን ታቅፌ እዚያው ቀረሁ። ለእናትየዋ ብነግራቸው፣ በተረት ያመኑትን በእውነት አጸናላቸዋለሁ። ባልነግራቸው ደግሞ አንድ ንጹሕ ሰው ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ይኖራል። ጠዋት ለእናቴ ልነግራት እነሣና ማታ እተወዋለሁ። ለመምህራችንም ልነግራቸው ቢሮአቸው ደጃፍ ሁለት ጊዜ ቆሜ ተመልሻለሁ። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ነገሩን የሚያህል ቃል አልነበረኝም።

የአግዳሚዬ ጓደኛ ቦታዋን ቀይራ ከኋላ ተቀመጠች። ሚኒስትሪ ተፈትነን ሁለታችንም አለፍን። እሷ ጎሬ ተዳረች፤ እኔ ጅማ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። አንድ ክረምት ለዕረፍት ስመጣ እናትየዋ ዘንድ ሄድኩ። ልነግራቸው ቆርጬ ነበር የሄድኩት፤ መንገዱን ሁሉ የምላቸውን በኦሮምኛም በአማርኛም ስደረድረው ነበር። ደጅ ላይ ተቀምጠው ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። አቅፈው ሳሙኝ፤ ስለ ትምህርቴ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ ጎመኑን እየቀነጠሱ «ያ ሰው ቡሬ አግብቶ ሁለት ወልዷል አሉ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ይሁን ድካም ልለየው አልቻልኩም።

«እትዬ…» አልኩ።

«አቤት፣ ልጄ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ዐይናቸው ሞራ ጀምሮት ነበር። እጃቸው ጎመኑ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ጎመኑን ልቀንጥስልዎ?» አልኩ።

ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። አጠገባቸው ተቀምጬ እስኪያልቅ ቀነጠስኩ።